ኤምፒ3 ሙዚቃ ጆሮ ይጎዳል ወይ?

በውስጥ መስመር ከደረሱኝ ጥያቄዎች አንዱን ዛሬ ሰፋ አድርጌ ልመልስ። ጠያቂዋ መቐለ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ካሉት የልብስ ፋብሪካዎች በአንዱ የምትሠራ ወጣት ናት። እንዲህ ትላለች፦ «ዶክተር፣ ስልኬ ላይ ያሉት ዘፈኖች ድምፃቸው እየደበዘዘብኝ ነው። ሙዚቃ የሚጭንልኝ ልጅ ኤምፒ3 ስለሆኑ ነው፣ የታመቀ ፋይል ጆሮም ይጎዳል አለኝ። ያልታመቀውን፣ ዋቭ የሚባለውን ላስጭን?»

አጭሩ መልስ፦ የፋይሉ ዓይነት ጆሮ አይጎዳም። ጆሮ የሚጎዳው የድምፁ ከፍታና የምታዳምጡበት የሰዓት ብዛት ነው። እዚህ ላይ ማቆም ይቻል ነበር። ግን በጥያቄዋ ውስጥ ያለች አንዲት ቃል ስላሳሰበችኝ ለምርመራ እንድትመጣ ጻፍኩላት። «እየደበዘዘብኝ ነው» የምትለዋ ቃል።

ካሴት ይደበዝዝ ነበር። በዕድሜ ከፍ ያላችሁ ታስታውሳላችሁ፤ የኪሮስ አለማየሁን ካሴት ሌት ተቀን ያጫወተ ሰው ክሩ እየተፋቀ ቀጭን ቀጭኑ ድምፅ ቀስ በቀስ ይጠፋበት ነበር። ከካሴት ወደ ካሴት ሲገለበጥማ በየቅጂው «ሽሽሽ» የሚለው ነገር ይብሳል። ዲጂታል ፋይል ግን ቁጥር ነው። ዛሬ የከፈታችሁት ፋይል የዛሬ ሦስት ዓመት ከከፈታችሁት ጋር አንድ ነው፣ ሺህ ጊዜ ቢጫወትም አያልቅም። ስለዚህ ያው ፋይል ድሮ ጥርት ብሎ ይሰማችሁ ከነበረና ዛሬ ከደበዘዘ የተለወጠው ሌላ ነገር ነው፤ ወይ ማዳመጫው፣ ወይ ጆሮው።

ወደ ምርመራው ከመሄዴ በፊት ስለ ፋይሉ ትንሽ ልበል። ልጆቻችሁ የሚከራከሩበት ነገር ነው፣ ደግሞም ከጆሮ አሠራር ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነው።

በሲዲ ላይ ያለ ሙዚቃ ያልታመቀ ነው። ድምፁ በየሰከንዱ 44,100 ጊዜ እየተለካ፣ እያንዳንዱ ልኬት በ16 ቢት ይመዘገባል፤ ለግራና ለቀኝ ሲባዛ በሰከንድ 1,411 ኪሎቢት ገደማ ይሆናል። የአምስት ደቂቃ ዘፈን ወደ 53 ሜጋባይት ይይዛል ማለት ነው። ያው ዘፈን በ128 ኪሎቢት ኤምፒ3 ሲሆን 5 ሜጋባይት አይሞላም። 8 ጊጋባይት ሚሞሪ ያላት ልጅ ባልታመቀው 150 ዘፈን ይዛ ትዞራለች፣ በኤምፒ3 ግን ከ1,600 በላይ። ጥቅል እየገዛ ለሚያወርድ ሰው ልዩነቱ የገንዘብም ነው።

ታዲያ ያ ሁሉ ቁጥር የት ሄደ? ኤምፒ3ን በዋናነት ያዳበሩት ጀርመን ኤርላንገን ከተማ በሚገኘው የፍራውንሆፈር ተቋም የነበሩት ካርልሃይንዝ ብራንደንቡርግና ባልደረቦቻቸው ናቸው፤ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። ሥራቸው የተመሠረተው እኛ ሐኪሞች በምናውቀው የጆሮ ጠባይ ላይ ነው። ሁለት ድምፆች አንድ ላይ ሲመጡ ጎላ ያለው በአጠገቡ ያለውን ደካማ ድምፅ ይውጠዋል። ወፍጮ ቤት ገብታችሁ ሰው በሹክሹክታ ቢያናግራችሁ ከንፈሩን እንጂ ቃሉን አታገኙም፤ ያ ነው። ኤምፒ3 በዘፈኑ ውስጥ እንዲህ የተዋጡትን ድምፆች እየፈለገ ይጥላል ወይም በግርድፉ ይመዘግባል። ጆሮ ያለዚያም አይሰማቸውም የሚል ስሌት ነው።

ስሌቱ ብዙውን ጊዜ ይሠራል። በ256 ወይም በ320 ኪሎቢት የተሠራ ኤምፒ3ን ከዋቭ ለይቶ የሚያውቅ ሰው፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ ካልተነገረው፣ ጥቂት ነው። ዝቅ ሲል ግን ይታወቃል። በ64 ኪሎቢት የታመቀ የሠርግ ዘፈን አዳምጡ፤ ጭብጨባው ውኃ የሚረጭ ይመስላል፣ እልልታው ይንቀጠቀጣል፣ የክራሩ ክር ሲመታ ያለችው ሹል ጫፍ ትደፈጠጣለች። እንዲህ ድንገት የሚነሱና አጭር የሆኑ ድምፆች ለማመቅ አስቸጋሪ ናቸው፤ የእኛ ሙዚቃ ደግሞ በጭብጨባና በከበሮ የተሞላ ነው። ስለዚህ የሙዚቃ ጫኙ ልጅ ስለ ጥራቱ የተናገረው ጨርሶ ሐሰት አይደለም።

አንድ ነገር ግን ጠይቁት፦ ዋቩን ከየት አመጣኸው? ኤምፒ3ን በኮምፒውተር ወደ ዋቭ መቀየር የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፣ የተጣለው ድምፅ ግን አይመለስም። የተነፋ ዱቄት ከትንሽ ከረጢት ወደ ትልቅ ጆንያ ብትገለብጡ በወንፊቱ ላይ የቀረው አብሮ አይመጣም። ከቆየ ካሴት የተቀዳ ከሆነ ደግሞ ያልታመቀው ፋይል የካሴቱን «ሽሽሽ» ሳይቀር በታማኝነት ይዞላችሁ ይመጣል። በብሉቱዝ ማዳመጫ የምታዳምጡ ከሆነም ስልኩ ድምፁን ወደ ማዳመጫው ሲልክ በአብዛኛው እንደገና ያምቀዋል፤ ለዋቩ የከፈላችሁት ትርፍ መንገድ ላይ ይቀራል።

«መታመቅ» የሚለው ቃል ሌላም ነገር ያደናግራል። እስካሁን ያወራሁት የፋይል መታመቅ ነው። ስቱዲዮ ውስጥ የሚደረግ ሌላ ማመቅ አለ፤ የዘፈኑ ዝቅተኛ ድምፅ ወደ ላይ እየተጎተተ ሁሉም ክፍል እኩል እንዲጮኽ ይደረጋል። ዘፈኑ በሬዲዮም በታክሲም ጎልቶ እንዲወጣ ነው። እንዲህ የተሠራ ዘፈን ለጆሮ የምታርፍበት ዝግ ያለ ቦታ አይተውላትም፣ በተመሳሳይ የቮልዩም ደረጃም አማካይ ድምፁ ይበልጣል። ይህ ማመቅ ዋቭም ላይ ኤምፒ3ም ላይ እኩል ይገኛል። ለጆሮ ካሰብን ይኼኛው ይበልጥ ያሳስበኛል።

አሁን ወደ ልጅቷ። ፈቃዷን ጠይቄ ነው የምጽፈው፤ ስሟንም የፋብሪካዋንም ስም አላነሳም።

ከእናቷ ጋር መጣች። ፓርኩ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ተመርቆ ሥራ ሲጀምር ከገቡት ልጆች አንዷ ናት፤ በጦርነቱ ምክንያት ሥራው ቆሞ ቤት ዋለች፣ አንዳንድ ፋብሪካዎች እንደገና ሲከፈቱ ተመለሰች። ጦርነቱን ያሳለፈ ሰው ስለ ጆሮው ሲነግረኝ ስለ ፍንዳታ ሳልጠይቅ አላልፍም፤ ቅርብ የፈነዳ ከባድ መሣሪያ የጆሮ ታምቡርን ሊቀድ፣ የውስጠኛውን ጆሮም በቅጽበት ሊጎዳ ይችላል። እሷ ቅርብ የፈነዳ እንዳልነበረ ነገረችኝ። ታምቡሮቿም ደህና ናቸው፣ የጆሮ ኩክም አልዘጋትም።

ከዚያ ስለ ቀኗ ጠየቅኳት። ጠዋት በሰርቪስ አንድ ሰዓት ገደማ፣ ማታም እንደዚያው፤ ሁለቱንም ጉዞ ማዳመጫ አድርጋ። በሥራ ላይ ደግሞ አንዱን፣ የግራውን፣ በሻሿ ስር ትሰካዋለች። የስፌት አዳራሽ እንደ ሽመና ፋብሪካ አይጮኽም፤ ሆኖም ብዙ የስፌት መኪና በአንድ ጣሪያ ስር ሲሠራ የማያቋርጥ ጉርምርምታ አለ። ያ ጉርምርምታ ቅድም ያልኩትን ያደርጋል፤ የዘፈኑን ዝቅ ያለ ክፍል ይውጠዋል። ሰው ምን ያደርጋል? ቮልዩም ይጨምራል። በአንድ ጆሮ ብቻ ሲሆን ደግሞ ድምፁ ከሁለቱ ያነሰ ሆኖ ስለሚሰማ የበለጠ ይጨምራል። ስልኩ «ከፍተኛ ድምፅ ለረጅም ጊዜ ጆሮ ይጎዳል» ብሎ ሲያስጠነቅቅ እሺ ብሎ ያልፋል። እንዲህ ባለ አዳራሽ ውስጥ የዓለም ምርጡ ዋቭ ፋይል ቢጫን ጥቅሙ ምኑም አይታወቅም፤ ኤምፒ3 የጣላቸውን ጥቃቅን ድምፆች መኪኖቹ ቀድመው ውጠዋቸዋል።

እናቷን «አደይ፣ እርስዎስ ምን ያስተዋሉት አለ?» አልኳቸው።

«ከኋላዋ ስጠራት አትመልስልኝም» አሉ። «ተቀይማኝ ነው እያልኩ ስንት ቀን አዘንኩ።»

ልጅቷ አንገቷን ደፋች። ሱፐርቫይዘሯ የሚነግራትን ሁለቴ እንደምታስደግም፣ ሌሊት ቤቱ ጸጥ ሲል ጆሮዋ ጭው እንደሚል ያኔ ነው የነገረችኝ። ከሙዚቃው ጋር ግንኙነት ያለው አልመሰላትም ነበር።

ኦዲዮሜትሪ በሚባለው የመስማት ምርመራ ዝቅተኛውና መካከለኛው ድምፅ በሁለቱም ጆሮዎቿ ደህና ሆኖ ተገኘ። 4,000 ኸርዝ አካባቢ ሲደርስ መስመሩ ጉድጓድ ውስጥ እንደገባ ወረደ፣ ከዚያ በላይ ትንሽ ቀና አለ። የግራው ጉድጓድ ከቀኙ ይጠልቃል። ከፍተኛ ድምፅ የጎዳው ጆሮ የሚተወው ምልክት ብዙውን ጊዜ እንዲህ ነው። የክራሩ ሹል ጫፍ፣ የጭብጨባው ጥርትነት፣ የዘፋኙ ትንፋሽ ያሉት በዚያ አካባቢ ነው። «ስ»፣ «ሽ»፣ «ፍ» የሚሉት ድምፆችም እዚያና ከዚያ በላይ ናቸው። ለዚህ ነው እንዲህ የተጎዳ ሰው «እሰማለሁ፣ ግን አይገባኝም» የሚለው፤ «ሠራ» ይሁን «ፈራ»፣ «ሰላ» ይሁን «ፈላ» በጫጫታ መሃል አይለይለትም። ፋይሉን ሲጠረጥር የኖረው ጆሮ ራሱ ቀጭኑን ድምፅ መጣል ጀምሯል። ኤምፒ3 እንኳ የሚጥለውን ይመርጣል።

ምን እንደሆነ ላስረዳችሁ። በውስጠኛው ጆሯችን፣ ቀንድ አውጣ በምትመስለው ክፍል ውስጥ፣ በእያንዳንዱ ጆሮ ወደ 15 ሺህ የሚጠጉ ፀጉር መሰል ሕዋሳት አሉ። ድምፅን ወደ ነርቭ መልእክት የሚለውጡት እነሱ ናቸው። ከፍተኛ ድምፅ ሲያደክማቸው ለጊዜው ይዝላሉ፤ ከሠርግ ስትወጡ ጆሯችሁ ድፍን ብሎ ጭው የሚለውና በማግስቱ የሚተዋችሁ ለዚህ ነው። ሳያርፉ በየቀኑ ከተደጋገመባቸው ይሞታሉ። ዶሮ የሞቱባትን መልሳ ታበቅላለች፤ ሰው ይህ አልተሰጠውም። የሚመልሳቸው ጠብታም ኪኒንም እስካሁን የለም። ለከባዱ ጉዳት የመስሚያ መሣሪያ አለ፣ እሱም ያለውን ያጎላል እንጂ የሞተውን አያስነሳም።

ለልጅቷ የነገርኳት መልካም ዜና ጉዳቱ መጠነኛ መሆኑና ምክንያቱ ከቆመ በአብዛኛው ባለበት የሚቆም መሆኑ ነው። እናቷን ደግሞ «አልተቀየመችዎትም፤ ሲያናግሯት ፊት ለፊቷ ሆነው ያናግሯት» አልኳቸው።

ምን ያህል ነው ከመጠን ያለፈ? የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚሰጠው መለኪያ 80 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ነው። ዴሲቤል እንደ ብር አይቆጠርም፤ 3 ሲጨምር የድምፁ ኃይል እጥፍ ይሆናል፣ የተፈቀደው ሰዓት ደግሞ በግማሽ ይቀንሳል። ስለዚህ 90 ዴሲቤል ላይ የሳምንቱ ኮታ 4 ሰዓት ብቻ ነው፤ 100 ላይ 20 ደቂቃ። በሰርቪስ በቀን ሁለት ሰዓት፣ በሳምንት ስድስት ቀን በ90 ዴሲቤል የምታዳምጥ ልጅ 12 ሰዓት ሆነላት፤ የኮታዋ ሦስት እጥፍ፣ የአዳራሹ ሳይቆጠር። የብዙ ስልኮች የመጨረሻ ቮልዩም ከ100 ዴሲቤል ሊያልፍ ይችላል። ድርጅቱ በዓለም ከ1 ቢሊዮን በላይ ወጣቶች በእንዲህ ዓይነት ማዳመጥ ምክንያት ለመስማት ጉዳት እንደተጋለጡ ይናገራል፤ የመቐለም የአዲስ አበባም የሰርቪስ ተሳፋሪዎች እዚያ ውስጥ አሉ።

መለኪያ ባይኖራችሁም ቮልዩሙን ከ60 በመቶ በታች አድርጉት። ማዳመጫ አድርጋችሁ በክንድ ርቀት ያለ ሰው የሚናገረውን መስማት ካልቻላችሁ በዝቷል። ገንዘብ የምታወጡ ከሆነ ትልልቅ ፋይል ከማስጫን ይልቅ ጆሮ ላይ በደንብ የሚገጥም ማዳመጫ ግዙ ነው የእኔ ምክር፤ የውጭውን ጫጫታ ስለሚከለክል ቮልዩሙን ሳትጨምሩ ዘፈኑ ይሰማችኋል። መንገድ ስታቋርጡና ዕቃ የሚያነሱ ማሽኖች ባሉበት ግን አውልቁት። ድምፁ በሚከብድ የፋብሪካ ክፍል ለምትሠሩ የስፖንጅ ጆሮ መድፈኛ ርካሽና ጠቃሚ ነው፤ ሙዚቃ የሚያሰማ ማዳመጫ የመድፈኛን ቦታ አይተካም። ቅዳሜ ማታ ቤታችሁ ጸጥ ብሎ ስፒከር ከፍታችሁ ስትቀመጡ ደግሞ ጥሩውን ፋይል ፈልጉ፤ የ320ውን ወይም ፍላክ የሚባለውን፣ ምንም ሳይጥል የሚያምቀውን። ጥራት የሚጣጣመው እዚያ ነው።

ወላጆች፣ ለልጆች መለኪያው ይጠብቃል፤ 75 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት። ስልክ የያዘ ሕፃን «ጮኸብኝ» አይላችሁም፣ ይወድደዋል። በማዳመጫ ፋንታ በስልኩ ስፒከር ያዳምጥ፣ ብዙ ስልኮችም ከፍተኛውን ድምፅ የሚገድብ ማስተካከያ አላቸው። ቴሌቪዥን እየተጠጋ የሚያይ፣ ሲጠሩት ዘወር የማይል፣ ትምህርት ቤት «አይከታተልም» የተባለ ልጅ ካለ መጀመሪያ ጆሮውን አስመርምሩት። በልጆች ላይ ከማዳመጫ ይልቅ የማየው ሲመግል የኖረ ጆሮ ነው፤ ፈሳሽ የሚወጣው ጆሮ ውስጥ ዘይትም የቅጠል ጭማቂም አታድርጉ።

ዘፈን የደበዘዘባችሁ ሁሉ ቤታችሁ የምትሠሩት ቀላል ሙከራ አለ። ማዳመጫውን ገልብጡት፤ የግራውን በቀኝ፣ የቀኙን በግራ ስኩ። ድብዛዜው ከማዳመጫው ጋር ወደ ሌላው ጆሮ ከተዛወረ የተበላሸው ማዳመጫው ነው፣ ሌላ ግዙ። እዚያው ጆሮ ላይ ከቀረ ጉዳዩ የጆሮው ነው። ብዙ ጊዜ ኩክ ሆኖ ይገኛል፤ ታጥቦ በዚያው ቀን ይለቃል። በክብሪት እንጨትም በጥጥ ዘንግም አትቆርቁሩት፣ ወደ ውስጥ ትገፉታላችሁ። ሁለቱም ጆሮ እኩል ከደበዘዘባችሁ ሙከራው አይለይላችሁም፤ ያንኑ ዘፈን በዚያው ማዳመጫ ጆሮው ደህና ለሆነ ሰው አሰሙትና ጥርት ብሎ ከተሰማው ለምርመራ ኑ። አንድ ጆሮ በአንድ ሌሊት ድንገት ከጠፋ ግን ሙከራም ቀጠሮም አትጠብቁ፣ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ሂዱና ከአንገት በላይ ሐኪም እንዲያያችሁ ጠይቁ። መድኃኒቱ የሚረዳው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሲጀመር ነው።

ለመስማት ምርመራ የምትመጡ ደግሞ ከምርመራው በፊት ለ16 ሰዓት ያህል ከከፍተኛ ድምፅና ከማዳመጫ ራቁ፤ ከሺፍት ወጥታችሁ በቀጥታ ከመጣችሁ የደከመውን ጆሮ ከተጎዳው መለየት ያስቸግራል። በእረፍት ቀናችሁ ጠዋት ብትመጡ ይመረጣል። ምርመራው አያምም፣ ግማሽ ሰዓት ቢወስድ ነው። ስልካችሁንና የምትጠቀሙበትን ማዳመጫ ይዛችሁ ኑ፤ ቮልዩሙን የት ላይ እንደምታደርጉት አብረን እናያለን።